ስም የሚለው መስመር

ተረከዙን ያዝኩት፣ በመዳፌ አሞቅኩት፣
ቀስ ብዬ በመርፌ ጫፍ ዳር ዳሩን ወጋሁት።
አለቀሰ። እሰይ!
ድምፅ ያለው ልጅ ነው፣ አልኩኝ በሆዴ።
የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ጠረግኳት፣
ሁለተኛዋን ለወረቀቱ ሰጠኋት።

አምስት ክብ አለበት፣ ስሙኒ ስሙኒ የሚያክል፤
ደም ከፊት ገብቶ ከጀርባው እስኪታይ
ይጠበቃል እንጂ አይቸኮል።
አይነካም በጣት፣ አይደገም ጠብታ፤
ደሴ ሥልጠና ላይ ሁለት ቀን ሙሉ
የሰማነው ይኸው ነው፣ ጠዋትና ማታ።

ስም፣ ይላል መስመሩ።
ጦይባ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።
«ስም የለውም» አለች።
«ሰባቱ ሲሞላስ?»
«ሰባም ቢሞላው አላወጣም እኔ።
ለሁለቱ አውጥቼ ምን ተረፈኝ? ስማቸው፤
ቤት ውስጥ ቀርቷል ስሙ፣ የለም የሚሰማው።»

ሁለቱን እናውቃለን፤ ሐይቅ ከተማ ያውቃል።
ቢጫ ሆነው፣ የጠቡትን መልሰው፣
አንዱ ባሥር ቀኑ፣ አንዱ ባሥራ ሁለት፣
ጋዝ እንዳለቀበት ኩራዝ እልም ብለው።
ሾተላይ አለባት፣ አሉ።
ቀላል ቃል ነው ለማለት፣
ስንቱን ያልታወቀ ሞት ባንድ ጆንያ ለመክተት።

«የጦይባ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ።
መስኮት ዘጋሁበት፣ ዝንቡን እሽ አልኩበት፣
የሐይቁ እርጥበት ቶሎ አያደርቅምና
አራት ሰዓት ሙሉ እንደ አራስ ጠበቅሁት፣
ቀዩ ወደ ጠይም፣ ጠይሙ ወደ ዝገት።

በማግስቱ ፖስታው በሚኒባስ ደሴ፣
ከደሴ አዲስ አበባ፣ ጦሳን ወደኋላ ጥሎ፣
ትኬት ሳይቆርጥ ሄደ፣ ከምስር ኩንታል ጋራ፣
ከአባት ከእናቱ የወረሰውን ይዞ፣
ማንም ያላየውን አደራ።

አምስት ቀን ስልኬ ቀን በኪሴ፣ ሌት በትራሴ።
በስድስተኛው ደወሉ።
ድምጿ የወጣት ነው፣ ወረቀት ታገላብጣለች፤
«የጦይባ ልጅ የሚል አለ፤ ስም የለውም?» አለች።
«አለው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።
«ወተት ነው ነገሩ፤ ገላው ወተት አይችልም።
የእናቱንም ቢሆን። ዛሬውኑ ይቁም።»

ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ አንድ ነገር ገረመኝ፦
ጡት ነካሽ እንላለን፣ ውለታ የበላውን።
ጡት የነከሰውንስ?
ማን ስም አወጣለት?

ደረስኩ። ታጠባለች።
ዓይኑ ቢጫ ጀምሯል፣ ጉንጩ ይሠራል።
«ጦይባ፣ ከአፉ አውጪው።»
ይህን ያለው አፍ የኔ መሆኑን ተጠራጠርኩ።
የማንም ጥፋት አይደለም፣ አልኩ፤
ካንቺም ከይማምም ግማሽ ግማሽ የመጣ ነው፣
በየራሳችሁ ዝም ያለ፤
ሁለት ዝምታ ባንድ ገላ ሲገናኝ ነው የጮኸው።

ይማም ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው።
«ስንት ነው ዋጋው፣ የሌላው ወተት?» አለ።
የአኩሪ አተር ነው፣ ደሴ ይገኛል፣
ጣሳው የአንድ ሙክት ዋጋ፣ ያውም ከተገኘ።
በረት በረቱን ሲያይ አየሁት፣ ሲቆጥር።

ጦይባ ግን፦ «እነዚያስ? ሁለቱ?»
ያኔ ወረቀት አልነበረ፣ ክብ አልነበረ።
«ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።
«እንግዲያ እኔ ነኝ» አለች፣
«ሲያለቅሱ ጊዜ ጨምሬ ጨምሬ፣
በገዛ ጡቴ።»

ለዚህ ሥልጠና የለም።
አጠገቧ ተቀመጥኩ፤
ከነጠላዋ ቀደን ደረቷን አሰርንላት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣች ለዳግም ምርመራ።
ልጁ ከብዷል፣ ነጭነቱ ተመልሷል ከዓይኑ፣
ተረከዙን ስይዘው ጮኸ፣ ጤና ጣቢያው ተሰማ፤
እናቱ ጎንበስ ስትል ጡቷ ጩኸቱን ሰማ፣
በእስራቱ ሾልኮ አንድ ጠብታ ወረደ፣
ከሁለተኛው ክብ ላይ፣ ነጭ በቀይ ላይ።

ተበላሸ ወረቀቱ።
«አፉ በሉኝ» አለች፣ ለኔ ይሁን ለሱ።
ግዴለም ብዬ ሌላ አወጣሁ፣ ብዕሬን አነሳሁ።
ስም፣ ይላል መስመሩ።
እንደ ወትሮው «የ…» ብዬ ስጀምር
እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ» አለች፣ «እነግርሻለሁ፤
ጻፊው።»